ሄዘርቢ ከሴራሚኩ ሥር

ሲሚንቶውን ባልዲ ውስጥ በጥብጠው ያሳርፉታል። በባለ ጥርሱ የግንበኛ ማንኪያ ወለሉ ላይ ዘርግተው እንደ ጠጉር ያበጥሩታል። እዚህ ላይ ማንኛውም አንጣፊ ሴራሚኩን ያነሳል። ክቡር ጋሼ ሸምሰዲን ግን በማንኪያው ጫፍ ወንዝ ይስላሉ። በአውራ ጣታቸው ተጭነው የገበያውን አደባባይ፣ በትንሿ ጣት ጭረው የተዘጋውን ሐዲድ ያወጣሉ።

«ይኸውልህ ሄዘርቢ! ሰሜን እንግሊዝ!»

«ጋሼ፣ እየደረቀ ነው።»

«የሱፍ ፋብሪካው ይቅደም!»

በየሥራው ቦታ ሁሉን አውቃለሁ ባይ አንድ አይጠፋም። የእኛው የሚያውቁት አንዲት ከተማ ብቻ ነው፤ እሷን ግን ከነጓሮዋ። እዚህ ቶሮንቶ፣ ከሬክስዴል እስከ ኢስት ዮርክ በስንት ሻወር ቤት ሥር ሄዘርቢ እንደተቀበረች የምናውቀው ረዳታቸው እኔና እሳቸው ነን።

ኖርዝ ዮርክ ኮንዶ የገዛችው ሩሀማ፣ «ጋሼ፣ ግራጫው ይሻላል ነጩ?» ብትላቸው፣ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ሄዘርቢን ስላጥለቀለቃት ጎርፍ ተረኩላት።

«ውሃው ሲሸሽ የነጩ ቤት ጭቃ አምስት ዓመት አልለቀቀም።»

ግራጫውን ወሰደች።

አሁን እውነቱን ልናገር፦ ጋሼ ሄዘርቢን ረግጠዋት አያውቁም። የሄዘርቢ ልጅ ሚስተር ሃሮልድ ነው። ቶሮንቶ እንደገቡ ሴራሚክ ያስተማራቸው እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት አብረው ሲያነጥፉ ከአገሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዛሬ ዘጠና ሞልቶት የአረጋውያን ቤት ነው። ጋሼ እሁድ እሁድ እየሄዱ ስለ ሄዘርቢ ይከራከሩታል።

ሃያ ዓመት ሙሉ «ድልድያችን አራት ቅስት አለው» ሲል የኖረ ሰው፣ ባለፈው ወር «ሦስት» አለ። ጋሼ «አራት!» ቢሉ፣ ስማቸውን እንደ ልማዱ አሳጥሮ «ሻም፣ አረጀህ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀባቸው። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ይስሉና ድልድዩ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ይቆማል።

ስልኬ ላይ ፈለግኩላቸው። ያገኘሁት ፎቶ ላይ ዛፍ የድልድዩን ግማሽ ጋርዶታል።

«አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ?» አሉኝ ትናንት። «እንግሊዝ ዘመድ ያለው አይጠፋም፤ ሄዶ ይቁጠርልኝ በልልኝ። ሦስት ከሆነ ለሰው ሁሉ ያውራ፤ ሃሮልድም ደስ ይበለው፣ እኔም ተሸነፍኩ እላለሁ። አራት ከሆነ ግን ለእኔ ብቻ ይደውል።»