ማንበብ እንዳይችሉ የተወሰነባቸው አሥራ ሁለት ልጆች

የሰፈሩ የንባብ ክፍል ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ፣ 8፡00 ሰዓት ተብሎ ተጠርቶ 8፡40 ላይ ተጀመረ።

ቦታ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ እዚያው የንባብ ክፍሉ ውስጥ። ሌላ መቀመጫ ስለሌለ አባላቱ በልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሷል። ልጆቹ ግቢው ውስጥ እንዲጫወቱ ተደርጓል።

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ኃላፊ
2. ምክትል ሰብሳቢዋ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት
3. ልብስ ሰፊው፣ አባል
4. የክፍሉ አስተማሪ፣ ይህን የምጽፈው እኔ (ከዚህ በኋላ «ጸሐፊዋ»)

ያልተገኙ፦ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ አባል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከማዶ ሆኜ እሰማለሁ ብለው ልከዋል። በደንብ ለመስማት ወፍጮውን አቁመዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ተሟልቷል። ልብስ ሰፊው ደንበኛ መጣብኝ እያሉ ሁለት ጊዜ ወጥተዋል፤ በደንቡ ሦስት ሰው ስለሚበቃ ማንም አልጠራቸውም።

የስብሰባው ምክንያት፦ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ክፍሉን ለእህል መጋዘን ስለፈለጉት በወሩ መጨረሻ እንድንለቅ ነግረውናል። ሌላ ክፍል የምናገኘው የሳሙና ፋብሪካው ፋውንዴሽን ለትምህርት የሚሰጠው ድጋፍ ከደረሰን ብቻ ነው። ካልደረሰን ሠላሳ አንድ ልጆች ይበተናሉ። ማመልከቻ መቀበያው የሚዘጋው ዛሬ 11፡00 ሰዓት ላይ ነው። ቅጹ ከመጣ አርባ ቀን ሆኖታል፤ አርባውንም ቀን የከረመው ሰብሳቢው መሳቢያ ውስጥ ነው።

አጀንዳ 1፦ የቅጹ አራተኛና አምስተኛ ጥያቄ

ጸሐፊዋ ጥያቄዎቹን አነበበች። አራተኛው፣ በአካባቢያችሁ ማንበብ አለመቻል ምን ያህል እንደከፋ አስረዱ ይላል። አምስተኛው፣ ልጆቹ በእናንተ ጥረት ማንበብ መቻላቸውን አስረዱ ይላል።

ምክትል ሰብሳቢዋ፣ ይችላሉ ካልን ማን ይረዳናል፣ ለዳነ ሰው መድኃኒት የሚሰጥ የለም አሉ። ልብስ ሰፊው በበኩላቸው፣ አይችሉም ካልን ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር እንባላለን፣ እንዲህም ሆነ እንዲያ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነናል አሉ። ሰብሳቢው ሁለቱም ሐሳብ ልክ ነው ብለው አመሰገኑ። ጸሐፊዋ ታዲያ የቱን ልጻፍ ብትል ሥርዓት እንድትይዝ ተነገራት።

ጸሐፊዋ ሥርዓት ይዛ፣ እውነቱ ይጻፍ አለች፤ ሠላሳዎቹ ያነባሉ፣ አንዷ፣ ግቢው በር አጠገብ ጎማ የሚጠግኑት የጎሚስታው ልጅ፣ ደግሞ ሰባት ወር ስትታገል ቆይታ ከሰኞ ጀምሮ ፊደል መግጠም ጀምራለች። ምክትል ሰብሳቢዋ፣ በአንዲት ልጅ የሚደነግጥ ፋውንዴሽን የለም፣ ቢያንስ ደርዘን ያስፈልገናል አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ አሥራ ሁለት ልጆች ከዛሬ ጀምሮ ድጋፉ እስኪለቀቅ ድረስ ማንበብ እንዳይችሉ፣ የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ግን አቀላጥፈው እንዲያነቡ በሦስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ተቃዋሚዋ ጸሐፊዋ ናት።

አጀንዳ 2፦ የማያነቡ ልጆች ምርጫ

ሰብሳቢው የልጅ ልጃቸው እንዳትካተት ጠየቁ፤ በዘራቸው ማንበብ ያቃተው ሰው የለም። ልብስ ሰፊው የእህታቸው ልጅ እንዳይገባ አመለከቱ፤ እህታቸው ከሰማች አገር ይያዝልኝ እንደምትል አስረዱ። ኮሚቴው የአባላት ዘመዶች ሁሉ ማንበብ እንደሚችሉ በሙሉ ድምፅ አመነ።

ጸሐፊዋ ስም ዝርዝር አልጽፍም ስላለች ምክትል ሰብሳቢዋ ጻፉት። አንደኛ ተራ የተሰጠው ለጎሚስታው ልጅ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እኮ ብዬ ነበር ስትል ጸሐፊዋ አስታወሰች፤ ከሰኞ ወዲህ ያለው ለዚህ ማመልከቻ አይቆጠርም ተባለች። ጸሐፊዋ እዚህ ላይ በጣም ተናዳለች፤ መናደዷ እንዲመዘገብ ስትጠይቅ ስለተከለከለች ራሷ መዝግባዋለች።

ማንኛውም ውሳኔ ወዲያው በሩ ላይ ይለጠፍ የሚል አንቀጽ በደንባችን አለ፤ ያረቀቁት ሰብሳቢው ናቸው። ማንበብ የሚችሉ ልጆች በር ላይ ይህ የስም ዝርዝር ባይለጠፍ ይሻላል ቢባሉም፣ እኔ በሥራ ዘመኔ አንድም ደብዳቤ አዘግይቼ አላውቅም አሉና ማኅተም መትተው በእጃቸው ለጠፉት።

አጀንዳ 3፦ የፎቶ አለባበስ

ልብስ ሰፊው፣ አንጀት እንዲበላ ልጆቹ የተቀደደ ልብስ ለብሰው ፎቶ ይነሡ አሉ። ምክትል ሰብሳቢዋ ሰጪው የሳሙና ፋብሪካ መሆኑን አስታውሰው ንጽሕና ይቅደም አሉ። በጥልቀት ከተመከረበት በኋላ ልብሱ የተቀደደ ሆኖ የታጠበ እንዲሆን ተወሰነ። ልብስ ሰፊው መቅደዱን በነፃ እንደሚሠሩ ቃል ገቡ፤ ኋላ መልሶ ለመስፋት እንዲመች በስፌቱ መስመር ላይ ብቻ ይቀድዳሉ።

ያልተያዘ አጀንዳ

9፡50 ላይ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የገቡት ጎሚስታው ሲሆኑ፣ በአንድ እጃቸው ልጃቸውን፣ በሌላው የተለጠፈውን ወረቀት ይዘዋል። ስብሰባ ላይ መሆናችን ተነገራቸው። እያየሁ ነው አሉ።

ሰብሳቢው፣ ወረቀቱ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ሊያሳስት ይችላል አሉ። ጎሚስታው ማንበብ እንደማይችሉ፣ ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቅ ተናገሩ። ቀጥሎ ያሉትን ጸሐፊዋ ቃል በቃል ጽፋዋለች፦

«ልጄ ማንበብ አትችልም የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ ቆማ ያነበበችልኝ ራሷ ናት። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ያነበበችው ነገር ይኼ ነው። አሁን ምን ላድርጋት ጋሼ? ጎበዝ ልበላት ወይስ ላባብላት?»

ልብስ ሰፊው ደንበኛ መጣብኝ ብለው ሊነሡ ሲሉ ምክትል ሰብሳቢዋ ኮታቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ልጅቷ ወረቀቱን ከአባቷ እጅ ወስዳ ወደ ሰብሳቢው ቀረበች።

«ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው ማንበብ የማልችለው?» አለች።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ተቀበሏት። ከዚያም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉና ሌላ ሐሳብ ያለው እንዲያቀርብ ጠየቁ። ጸሐፊዋ፣ ጎሚስታው የተናገሩት ለአራተኛውም ለአምስተኛውም ጥያቄ መልስ ይሆናል፣ ማንበብ የማይችሉት አባት እዚህ ናቸው፣ የምታነበው ልጅም እዚህ ናት አለች። አባትየው ፈቀዱ። ምክትል ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አውጥተው ንግግሩን ራሳቸው ቅጹ ላይ ጻፉት፤ ሲጽፉ ሁለት ጊዜ አቁመው አፍንጫቸውን ተናፍጠዋል። ልብስ ሰፊው ከመጀመሪያውም መውጣት ይፈልጉ ስለነበር ቅጹን ይዘው ወደ ፋብሪካው እንዲሮጡ ተላኩ። 10፡40 ላይ ተቀብለውኛል ብለው ደወሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ዛሬ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። አሥራ ሁለቱ ልጆች እንደ ትናንቱ ማንበብ ይችላሉ። ምንም ልብስ አይቀደድም።

ይህ ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት በደንቡ መሠረት ለአባላቱ ተነቧል። ያነበበችው የጎሚስታው ልጅ ናት። አጀንዳ ሁለት ላይ ስትደርስ ሰብሳቢው፣ የእኔ ልጅ፣ ይህን ብትዘይውስ ብለው ለመኗት። አልዘለለችውም።

ስብሰባው 11፡25 ላይ ተዘጋ።