ዜና አባ ወልውል፣ ነጩን ድንጋይ ሮዝ ያለበሱበት ዘመቻ

ዘመነ ሶፋ አልፎ ዘመነ ገንዳ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ይኸውም ረጅሙ ሶፋ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ተነቅሎ ወደ በሩ ጥግ በተጋዘና በዙፋኑም ላይ የመስታወት የዓሣ ገንዳ በተተካ በሁለተኛው ዓመት፣ ንጉሠ ጨው፣ መስፍነ ባልዲ፣ ዐቃቤ ሙቀት፣ ሥዩመ ሳሎን የሆኑት፣ በፈረስ ስማቸው አባ ወልውል የሚባሉት መነጽር ሠሪ፣ በድንጋይ ላይ ቀለም ሊያበቅሉ ተነሡ። ፈረስ እንኳ የላቸውም። ስሙን ያወጡላቸው እቴጌይቱ ባለቤታቸው ናቸው፤ ቀን በሱቃቸው የሰው መነጽር ሲወለውሉ ውለው ማታ ደግሞ የገንዳውን መስታወት ሲወለውሉ ቢያዩ፣ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኙም።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነው። በገንዳው ውስጥ እንደ ተራራ የተከመረው የባሕር ድንጋይ እንደ ኖራ ነጭ ነበረ። በእውነተኛው ባሕር ግን እንዲህ ያለው ድንጋይ ራቁቱን አይቀመጥም፤ ኮራላይን አልጌ የሚባል፣ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ የሚያድግ፣ ከሮዝ እስከ ወይን ጠጅ የሚደርስ ልብስ አለው። አባ ወልውል በወዳጃቸው በሊፍት ጠጋኙ ቤት ያለው ገንዳ ይህን ለብሶ ቢያዩ ያን ዕለት ራት አልበላ አላቸው። ቅናት አይባልም። ነገሥታት አይቀኑም፤ ግዛት ማስፋት ነው የሚባለው።

ሠራዊታቸውም ተሰለፈ፤ በቀኝ ሰማያዊው ባልዲ፣ በግራ እጀታው የተሰበረው ቀዩ ባልዲ፣ በፊት ውሃውን የሚያሽከረክረውና እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርመው ፓምፕ፣ በደጀን የካልሲየምና የማግኒዝየም ጠርሙሶች ከጨው መለኪያው ጋር። ከመኳንንቱ ወገን ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ነበሩ፤ ሥራቸው መዞር ነው፣ ሳያጓድሉ ይዞራሉ። እግረኛው ጦር ቀንድ አውጦች ሲሆኑ ከእነርሱ አንዱ በየቀኑ በጀርባው እየወደቀ ንጉሡ በጣታቸው ያነሡታል። ጋሻ ጃግሬያቸው ግን አረንጓዴው የጥርስ ብሩሽ ነበረ፤ ያለ እርሱ አይዘምቱም።

ወእምዝ ሊፍት ጠጋኙ ወይን ጠጅ የለበሰች አንዲት ጠጠር በለጋስነቱ ቢሰጣቸው፣ አባ ወልውል በቢላዋ ፍቀው ዱቄቷን በፓምፑ ፊት በተኑት፣ ውሃውም እንደ ዘር ወደየድንጋዩ አደረሰው። ካልሲየሙን ለኩ፣ ማግኒዝየሙን አስተካከሉ፣ መብራቱን አለዘቡ፤ ሰው ለገዛ ልጁ የማያደርገውን ሁሉ አደረጉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ትክክል ነበረ። ከዚያም በየማለዳው ወደ ሱቅ ከመሄዳቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው ድንጋዩን በብሩሽ ፈተጉት። የጣት አሻራ ያረፈበት መነጽር ሲያዩ ራሳቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸውና፣ ነጥብ የምትባል ነገር አይተው ማለፍ አልተሰጣቸውም። እቴጌይቱ አንድ ማለዳ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደ ያዙ፣ «እኔ የምለው፣ ያቺ ነጥብ ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የምትፈትጋት?» ብለው ቢያውጁ፣ ንጉሡ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ቆሻሻ ናት! ደግሞ አንቺ ስለ ባሕር ምን ታውቂያለሽ?» የሚል የመልስ አዋጅ አስነገሩ። ነጥቧም ጠፋች፤ ንጉሡም ድል አደረግሁ ብለው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ድንጋዩ እንደ ነጣ ወራት አለፉ። እቴጌይቱ በሆስፒታል ነርስ ናቸው። የእናታቸው መምጫ በቀረበ ጊዜ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ በሳሎኑ መካከል ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «የዚህ ቤት ሰው ስማ! ቀኑን ሙሉ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ጋውን ሳይ ነው የምውለው። ቤቴ ገብቼ ደግሞ ነጭ ድንጋይ! አሁንስ በዛ። እስከ መጪው ወር መጨረሻ ቀለም አወጣ፣ አወጣ። ካላወጣ ገንዳውን አንድ የማውቀው የጥርስ ሐኪም ለተራ መጠበቂያ ክፍሌ እፈልገዋለሁ ብሏል፣ መጥቶ ይውሰድልኝ። ሶፋዬም ወደ ቦታው ይመለስ!»

አባ ወልውል ይህን በሰሙ ጊዜ የመስታወት መወልወያው ጨርቅ ከእጃቸው ወደቀ። የሚያሳዝን ነገር አለበትና ይጻፍ፤ በሱቃቸው መስታወት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት «ይሄኛው አደበዘዘኝ፣ ያኛው አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ» የሚል ዓይን ነው። ከገንዳው መስታወት ወዲያ ያሉት ዓሦች ግን ምንም አይሏቸውም። ከሥራ መልስ ጫማቸውን አውልቀው በፊቱ ሲቀመጡ ብቻ ነው ትከሻቸው የሚወርደው። ይህን ግን ለእቴጌይቱ ነግረዋቸው አያውቁም፤ በፍተጋው ብቻ በረቱ፣ ጠዋት የነበረው ጠዋትም ማታም ሆነ።

አማታቸው በሚመጡበት ዕለትም ውሃ ሊቀይሩ ሰማያዊውን ባልዲ እስከ አፉ እንደ ሞላ ብድግ ቢያደርጉት ወገባቸው ቀጭ አለ፣ እንደ ጎበጡም ቀሩ። በዚያችው ቅጽበት በሩ ተከፈተ። አማቲቱ አማቻቸው ወደ ወለሉ ዝቅ ብለው ቢያገኟቸው ልባቸው ተነካና፣ «ኧረ ተው ልጄ! ኧረ ይበቃል! እንዲህ ያለ አክብሮት እኔ ማን ነኝና? ቀና በል በሞቴ!» ብለው አወጁ። አባ ወልውል ግን ቀና አላሉም። አማቲቱ ይህንንም ትሕትና ነው ብለው በመረቋቸው ጊዜ ምርቃቱ ረዘመ፣ ንጉሡም በላብ እንደ ተጠመቁ እስከ ፍጻሜው ጎንበስ ብለው ሰሙት።

ከዚያም በተጋዘው ሶፋ ላይ አጋደሟቸው። ሐኪም መጎንበስ ከለከለ። ንጉሡም ከአልጋ ቁራኛነታቸው፣ «አደራችሁን! ከእናንተ አንዳችሁ ድንጋዩን ፈትጉልኝ!» የሚል አዋጅ ቢያስነግሩ አማቲቱ በገንዳው ፊት ወንበራቸውን አደላድለው፣ «ድንጋይ የሚያጥብ ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ! አርፈህ ተኛ። ይልቅ ይሄ ቀንድ አውጣ ወድቋል፣ በጭልፋ ላንሣው?» ብለው መለሱ። ከሶፋው የሚታየውም የአማቲቱ ጀርባ ብቻ ሆነ። አባ ወልውል ድንጋያቸው እስከ አሁን በቆሻሻ ተውጧል ብለው ስለ አመኑ፣ የሚሸነፉበትን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ወደ መታጠቢያ ቤት በሚሄዱበትም ጊዜ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው አለፉ።

በተባለው ወር መጨረሻ ቅዳሜ የጥርስ ሐኪሙ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ መጣ። እቴጌይቱ ውሃው እንዲቀዳ ክዳኑን አንሥተው ወደ ውስጥ ቢያጎነብሱ፣ የነርስ ዓይን ነውና መጀመሪያ ያሰቡት ሌላ ነው፤ «እማዬ፣ ድንጋዩ ሽፍታ አውጥቷል እንዴ?» ብለው አወጁ። አማቲቱም፣ «እኔማ ካየሁት ቆየሁ። የታመመ መስሎኝ ዝም አልኩ፤ ቤቱ ውስጥ አንድ በሽተኛ ይበቃናል ብዬ» አሉ። የጥርስ ሐኪሙ ተጠግቶ ቢያይ ዓይኑ በራ፤ «ኧረ ይሄማ ጭራሽ አምሯል! ቶሎ በሉ አንሡት!» ብሎ ተሸካሚዎቹን አዘዘ።

የዘመቻው ሁሉ ውጤት በዚህች ሰዓት በአንዲት ሴት አፍ ላይ ተንጠለጠለ። ንጉሡ የሶፋውን መደገፊያ ይዘው፣ እየቃተቱ፣ በገዛ እግራቸው ተነሡ፣ ያለ ረዳትም እስከ ገንዳው ደረሱ። እውነት ነበር። በተራራው ትከሻ፣ በፓምፑ አፍ፣ በመስታወቱም ጥግ ሮዝ ነጠብጣብ ተዘርቶ ነበር። እቴጌይቱም ነጠብጣቡን አዩ፣ ወር ሙሉ ሳይነካ የደረቀውን ብሩሽ አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ያ ሁሉ ፍተጋ ሲያጠፋ የኖረው ይህንኑ ቀለም እንደ ሆነ ገባቸው። ይህን ግን አላወጁባቸውም። ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞረው፣ «እጅህን አንሣ ዶክተር። ቀለም ካወጣ ይቀመጣል ብያለሁ፣ ይኸው አወጣ። እኔ ቃሌን አላጥፍም» አሉ። የጥርስ ሐኪሙም ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ተሸካሚዎቹ ግን ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ድሉ በተሰማ ጊዜ ሊፍት ጠጋኙ እጅ ሊነሣ መጣ። አባ ወልውልም ትራስ ተደግፈው ታላቁን አዋጅ አስነገሩ፦ «ነገሩ ትዕግሥት ነው ወዳጄ! ካልሲየምህን ትለካለህ፣ መብራትህን ታለዝባለህ፣ ከዚያ በኋላ ድንጋዩን አትነካውም። አለመንካት! ትልቁ ጥበብ እሱ ነው። እኔ ሆን ብዬ፣ አስቤበት፣ ወር ሙሉ እጄን ሰበሰብኩ።» አማቲቱ ከወንበራቸው ሳይዞሩ፣ «ሆን ብሎ? እስቲ ወገቡን ጠይቁት!» አሉ።

እንግዲህ ሌሎች ነገሥታት ተነሥተው ሲያሸንፉ ተኝተው ላሸነፉ፣ የናፈቁትን ቀለም በየማለዳው በብሩሽ ሲፈጁ ኖረው በስተመጨረሻ ለማረኩ፣ ለንጉሠ ጨው፣ ለመስፍነ ባልዲ፣ ለአባ ወልውል ምስጋና ይድረሳቸው። ከእርሳቸው ይልቅ ግን ክብርና ገናናነት በጊዜው ቀጭ ላለው ወገብ ይሁን፤ ገንዳውን ያዳነ እርሱ ነውና።