ጆሮ ያላት መስኮት

ሰው ወደ ሰው ቤት ሲመጣ በር መምታት ከየት የመጣ ልማድ እንደሆነ አላውቅም። ከአባዬ አገር እንዳልመጣ ግን እርግጠኛ ነኝ። በእነሱ አገር በር የሚመታ ወይ የተቆጣ ሰው ነው፣ ወይ ጅብ የሚያባርረው ነው። ጤነኛ እንግዳ አጥሩ ጋ ቆም ይልና ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ቀጥሎ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ቤቱ አንድ ሆኖ ሳለ ስለምን «ቤቶች» እንደሚባል ጠይቄ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። እንደሚመስለኝ እንግዳው የሚጠራው ጎጆውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ሁሉ ነው፤ አባትየውን፣ እናትየውን፣ ልጆቹን፣ ምድጃው ሥር የተኛችውን ድመት ጭምር። ማንም እንዳይቀር ነው። ከውስጥ «ማነው? ግቡ!» እስኪባል ደግሞ እግሩን አያነሣም። ካልተባለስ? ካልተባለማ ይመለሳል። ወይ ቤቱ ባዶ ነው፣ ወይ እሱ አልተፈለገም። ውጭ ለቆመ ሰው ሁለቱ እንዴት እንደሚለዩ የሚያውቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእኛ ቤት ያለው ግን ጎንደር ከተማ ነው፤ ከአራዳ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ባጃጅ ሽቅብ ሲወጣ የሚያቃስትበት ዳገት ላይ። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ቤቱን ሲሠራ በሌላው ነገር ሁሉ እጁን ሰብስቦ፣ መስኮትና በር ላይ ሲደርስ ግን ተሸነፈ። የመስታወት ሻጩ ሁለት መስታወት ተደርቦ መሀሉ አየር የታሰረበትን ዓይነት አሳየውና «ይቺ ብርድ አታስገባ፣ አቧራ አታስገባ፣ ድምፅ አታስገባ» አለው። አባዬ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ጆሮው ሥር ሲንቀጫቀጭ የሚውል ሰው ነው። ብርዱንና አቧራውን በትዕግሥት ሰማ፤ «ድምፅ አታስገባ» የሚለው ላይ ግን ልቡ ሄደ።

አዲስ ቤት ሲገባ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የሚመጣ ሁሉ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱ «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። እኛ እንኳን እንቦሳ ዶሮ የምናስርበት ቦታ የለንም። ቢሆንም ያልተባለበት ቤት፣ ጣራም ቢኖረው ግድግዳም ቢኖረው፣ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ለእኛ ጎረቤቱ አለ፣ የማኅበሩ ሰው አለ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሳይቀር በዚያው ብሎ ሄደ። አንድ ሰው ብቻ አላለም። አያ ጥጋቡ።

አያ ጥጋቡ የአባዬ ታላቅ ወንድም ነው። ከዛሪማ ወዲህ ባለው ደጋ የአባታቸውን መሬት ያርሳል። አባዬ ቤት መሥራት ሲጀምር «የአባታችን ቤት ጣራው እያፈሰሰ አንተ የመስታወት ቤት ትሠራለህ አሉ» ብሎ በሰው ላከበት። አባዬ ተናደደና መልስ ሳይሰጥ ቀረ። ንዴቱ ሲበርድ ለጣራው ቆርቆሮ ላከ። ቆርቆሮው ደረሰ፤ ጣራው ላይም ወጣ፤ ከአያ ጥጋቡ ግን ቃል የለም። ከዚያ በኋላ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር አባዬ «አያን መጥተህ ቤቴን እይልኝ በለው» ይላል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እስቲ።» እስቲ ማለት እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ሰው ደጅ አቁሞ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደ መተው ያለ ቃል ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአባዬ ችግር ግን አለመጠጣቱ ነው። ስለዚህ ሆዱ ያባው እዚያው ይቀራል። እኛ ናፍቆቱን ያወቅነው በኮቱ ነው። አንድ ሰሞን ደህና ጨርቅ አግኝቶ ትልቅ ኮት ሰፋና ከበሩ ኋላ ሰቀለው። ልክ አልወሰደም፤ የወንድሙን ትከሻ ልጅ ሳለ እሽኮኮ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል። እማዬ «ለማን ነው?» ስትለው «ለደንበኛ ነው» አላት። ኮቱ ከርሞ አቧራ ሲጠጣ እማዬ በየጊዜው ታራግፈዋለች፤ ደንበኛው ማን እንደሆነ ግን ደግማ አልጠየቀችም።

ክረምቱ እንደወጣ የሳሎኗ ትልቋ መስኮት ታመመች። መጀመሪያ እጀታዋ ላላ፤ ሲያዞሩት እንደ ሰካራም ብቻውን ይሽከረከራል። ቀጥሎ ማጠፊያዋ ወረደና አንድ ትከሻዋን ጣል አደረገች። መቀርቀሪያዋም ከመግቢያው ጋር ተኳርፎ መገናኘት ተወ። ጣት የምታሳልፍ ክፍተት ተፈጠረች፤ በዚያች ክፍተት መንደሩ በሙሉ ይገባ ጀመር። የባጃጅ ጡሩምባ፣ የጎረቤት ሕፃን ልቅሶ፣ የማለዳ ኪዳን። እማዬ ክፍተቷን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወተፈቻት። አባዬ ግን «የመስታወት ቤት ሠራ ተብዬ ሳበቃ በጨርቅ ልታሰድቢኝ ነው?» አለና ምናሉን ጠራው።

ምናሉ የመስታወት በርና መስኮት ይጠግናል። ራሱን «የመስታወት ሐኪም» ነው የሚለው። እንደ ሐኪምም መጀመሪያ ቤተሰቡን ይቆጣል።

«ምነው እስካሁን ዝም አላችኋት?» አለ፣ መስኮቷን ከፍቶ እየዘጋ። «መስታወቷ ምንም አልሆነች። ክብደት የሚሸከመው ማጠፊያዋ ነው የደከመው። ሰው ብትሆን ጠበል ትላክ ነበር።»

ካቻቢቴውን አወጣ። ማጠፊያውን ወደ ላይ መለሰው፣ እጀታውን ቀየረው፣ ብሎኑን አጠበቀው፣ መቀርቀሪያውን ከመግቢያው ጋር አስታረቀው። እግረ መንገዱንም የበሩን ቁልፍ ዘይት አጠጣው። በመጨረሻ መስኮቷን ገፋ አድርጎ እጀታዋን ሲያዞር መንደሩ ጠፋ። አንድ ሰው መጥቶ ጎንደርን በጋቢ የሸፈናት ነው የመሰለኝ።

«አሁን ጅብ ደጃችሁ ላይ ሠርግ ቢደግስ አትሰሙም» አለ ምናሉ። እንድናምነው ወደ ውጭ ወጣና ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ ጮኸ። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር እናያለን፤ ድምፁ ግን የለም። ሁላችንም ሳቅን። አባዬ ከሁላችንም በላይ ሳቀ።

ከዚያ ብዙም አልቆየ። ጥቅምት ነው፤ መሽቶ መብራት በርቷል፤ ራት ቀርቦ እየተጫወትን ነው። ሲመሽ መስታወት ምን እንደሚሆን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ውጭ የቆመ ሰው ቤቱን እንደ ቴሌቪዥን ያየዋል። ውስጥ የተቀመጠ ግን ራሱን ብቻ ነው የሚያየው። አባዬ የሆነ ወሬ እያወራ ሲያስቀን ቀና ብሎ ወደ መስኮቷ አየና ኮሌታውን አስተካከለ። ምንም አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ መስታወት ባየ ቁጥር ኮሌታውን ያስተካክላል።

ጠዋት እማዬ በሩን ስትከፍት ደፉ ላይ አንድ እስር የባቄላ እሸት አገኘች። ጤዛ ወርዶበት ጠውልጓል። «ማን አመጣው?» ስንባባል አባዬ ጎንበስ ብሎ የታሰረበትን ልጥ አየ፤ ቋጠሮውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«የአያ ቋጠሮ ነው» አለ።

በነጠላ ጫማው ወደ መናኸሪያ ሮጠ። የዛሪማው መኪና ግን ሄዷል።

ረፋዱ ላይ እትየ በላይነሽ መጣች። እትየ በላይነሽ የአባዬ አገር ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ እህል ትነግዳለች፤ አያ ጥጋቡ ያደረው እሷ ቤት ኖሯል። ቁጭ በይ ብትባል እምቢ አለች።

«ምነው ሲሳይ?» አለችው አባዬን። «ያ ሽማግሌ ደጅህ ቆሞ ‹ቤቶች፣ ቤቶች› ሲል አመሸ እኮ።»

«አልሰማሁም፣ እትየ። በማርያም አልሰማሁም።»

«አየኝ ነው የሚል። ‹ዓይን ለዓይን ተያየን፤ አየኝና ኮሌታውን አስተካከለ፤ ከዚያ ሳቀ› አለ።»

የአባዬ እጅ ወደ ኮሌታው ሄደ። መንገድ ላይ ቀረ።

«የበር ደወልስ አለን አይደል» አለች እማዬ። «ምነው ቢደውል?»

«ደወል የቤተ ስኪያን ነው እንጂ የሰው ነው?» አለች እትየ በላይነሽ። «ይዤው ልምጣ ብለውም እምቢ አለኝ። እሸቱንም የተወላችሁ እሸት ተመልሶ አገሩ አይገባም ብሎ ነው።»

እሸቱን እማዬ ቀቀለችው። የጠወለገ እሸት አይጣፍጥም። አባዬ ግን አንድም ፍሬ ሳያስቀር በላ።

በማግሥቱ ምናሉ እንደገና ተጠራ።

«አበላሻት» አለው አባዬ።

ምናሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። «እንደ ድሮዋ አድርጋት። እንዳትገጥም። ያችን የጣት ክፍተት መልስልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጠጋኝ ነኝ» አለ ምናሉ። «ነገ ሰው አይቶ ‹ይህችን ማን ሠራት?› ሲል ምን ሊሉ ነው?»

«አንተ ነህ አልልም።»

«ይማሉ?»

አባዬ ማለ።

እዚህ ላይ የምታስቡት ይገባኛል። ሰውዬው ድምፅ መስማት ከፈለገ መስኮቱን ከፍቶ አይቀመጥም ወይ? እኔም አስቤው ነበር። ነገር ግን የተከፈተ መስኮት ይጠየቃል። «ማን ከፈተው? ብርድ ገባ፤ ዝጉት» ይባላል። የከፈተውም ስለምን እንደከፈተ መናገር አለበት። የተበላሸ መስኮት ግን ማንንም አያስጠይቅም። ሰው ወንድሙን እየጠበቀ መሆኑን መናገር ካልቻለ ማጠፊያ ማስወረድ አለበት። ምናሉ እያጉረመረመ ብሎኑን አላላው፤ ማጠፊያውን አወረደው። ሙያ ክፉ ነው፤ ሲያበላሻት እንኳ ክፍተቷ ከላይ እስከ ታች እኩል ሆና ቀረች።

ከዚያ ወዲያ አባዬ ከሥራ ሲመለስ ያችን ክፍተት ተደግፎ መቀመጥ ጀመረ። እማዬም አየችው፤ ነጠላ ቁራጯን አጥባ ለወለል መወልወያ አደረገቻት፤ ክፍተቷን አልወተፈችም። በእትየ በላይነሽ በኩል «አላየሁህም፤ መስታወቱ ነው» ተብሎ ተላከ። የተመለሰ ነገር የለም፤ እስቲ እንኳ። ወተት የምታመጣው ሴት «ቤቶች!» ስትል አባዬ ይነሣል። ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ «ቤቶች!» ስትል ይነሣል። በመንገድ አላፊው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ከወገቡ ቀና ይልና ያዳምጣል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ከሁሉም የሚከብደኝ መነሣቱ አልነበረም፤ ያ ቀስ ብሎ መቀመጡ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በር ተመታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በዱላ ነገር።

እኛ ቤት በር የሚመታው ቆጣሪ የሚያነበው፣ ወይ ከቀበሌ የመጣ ነው። አባዬ ክፍተቷን በጀርባው እንደተደገፈ ወደ እኔ ዞረ። «የማናውቀው ሰው ነው። ውጪና ‹አባቴ የለም› በይው።»

ከማላውቀው ሰው ጋር ስነጋገር አፌ ይደርቃል። ስለዚህ ቃሉን መንገድ ላይ እንዳይጠፋብኝ እያነበነብኩ ሄድኩ፤ አባቴ የለም፣ አባቴ የለም። በሩን ስከፍት አንድ ቀጭን ሽማግሌ ዘንጉን ይዞ ቆሟል። ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው መጨረሻ ያየሁት። አላወቅሁትም።

«አባቴ የለም» አልኩት።

ሽማግሌው ትክ ብሎ አየኝ። «በላይነሽ የከተማ በር ካልመቱት አይሰማም ብላኝ ነበር» አለ፣ ለራሱ ይመስል። «እንግዲያ ካልተሰማ… ካልተሰማ ነው።» ዞረ። ሁለት እርምጃ ሄደና ጉሮሮውን ጠረገ።

ሳሎን ውስጥ ወንበር ወደቀ።

አባዬ እንዴት በእኔ በኩል እንዳለፈ አላየሁም። ብቻ ግቢው መሀል የሽማግሌውን ክንድ ይዟል።

«አለሁ፣ አያ። አለሁ።»

«ልጅህ የለም አለችኝ።»

«ዋሽታ ነው» አለ አባዬ፣ ያለ ምንም ሀፍረት። እኔም አልተከላከልኩም።

አያ ጥጋቡ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። በሩን ከላይ እስከ ታች አየው፤ መስታወቱን አየው፤ እኛን አየን። ከዚያ «ቤት ለእንቦሳ» አለ። ለስንቱ ሲመልስ የኖረው አባዬ መልሱ ጠፋው። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ ግን የለም። ከመስታወት ማዶ ያለ መሰለ። እማዬ ናት ከኋላ «እንቦሳ እሰሩ» ያለችለት።

ኮቱ ከበሩ ኋላ ወረደ። አያ ጥጋቡ ሲለብሰው እጅጌው ጣቱን ዋጠው፤ ትከሻው ወዲያና ወዲህ ተንጠለጠለ። አባዬ የሰፋው ለሚያስታውሰው ወንድሙ ነበር። የመጣው ግን ይሄኛው ነው። አባዬ መርፌ ቁልፍ አምጥቶ ጎኑን ይይዝለት ጀመር።

ሁለት ሌሊት አደረ። የሚሄድ ዕለት ጠዋት መስኮቷ ሥር ተቀምጦ ቁርስ ሲበላ ኮቱን በላዩ ላይ ጠቀለለው።

«ሸጋ ቤት ነው» አለ። «ምነው ይችን መስኮት ብታሠራት? ብርድ ታስገባለች።»

እማዬ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ዳቦዬ አየሁ።

ኮቱን ይዞ አልሄደም። «አጥብበህ ስቀልልኝ፤ ስመለስ እለብሰዋለሁ» አለ። አባዬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ።

«መቼ ትመለሳለህ፣ አያ?» አለው፣ መኪናው ሊነሣ ሲል።

«እስቲ» አለ አያ ጥጋቡ። ቦታ ከያዘ በኋላ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «መስኮትህንስ መቼ ታሠራታለህ?»

አባዬ ኮሌታውን አስተካከለ።

«እስቲ» አለው።