በድብቅ የሚታሰር ጥርስ

ሰው ጥርሱን የሚያስታውሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲያመውና ፎቶ ሲነሳ። እኔን ጥርሴን አሞኝ አያውቅም። ፎቶ ግን ዕድሜ ልኬን ሲያመኝ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው ክራንቻዬ፣ በልጅነቱ ቦታ አጥቶ ነው መሰለኝ፣ ጎረቤቱ ላይ ተደርቦ በቀለ። ባለቤቴ ሰናይት ደግሞ ፍንጭት ናት። አያችሁ የፈጣሪን ሥራ? እሷ በጥርሷ መሀል ስለጎደላት ቆንጆ ተባለች፤ እኔ ሞልቶ ስለተረፈኝ አፌን በእጄ ሸፍኜ እስቃለሁ። የጎደለው ተመስግኖ የተረፈው የሚያፍርበት እንዲህ ያለ ሒሳብ ከጥርስ በቀር የትም አላየሁም። በሰርጋችን ፎቶ ላይ ከንፈሬን ገጥሜ ስለቆምኩ፣ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ፎቶውን አይቶ "ተገደህ ነው እንዴ ያገባኸው?" ይለኛል። ሰናይት ቀድማኝ "አዎ" ትላለች።

ልጃችን ሜሮን በሚቀጥለው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች። ታዲያ አንድ ቀን፣ "አባዬ፣ በእኔም ምረቃ ፎቶ ላይ እንደ ለቀስተኛ ልትቆም ነው?" አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ከፋኝ። የገዛ ልጄን ደስታ አፌን ዘግቼ ላሳልፈው ነው? ጥርስ ባዳ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ሆድ እያዘነ ይስቃላ! የእኔው ባሰ፤ ሆዴ እየሳቀ እሱ ይደበቃል።

ስልኬን ስጎረጉር የማይታይ ብሬስ የሚባል የጥርስ ማሰሪያ አገኘሁ። ብረቱንማ በጎረምሶች አፍ አውቀዋለሁ። አርባን ያለፈ ሰው አፉን በብረት አጥሮ ሥራ ቢገባ ግን ምን ይባላል? ይኸኛው እንደ ብርጭቆ የጠራ ፕላስቲክ ነው። ጥርስ ላይ ይጠለቃል፣ ለምግብ ይወልቃል፤ "ማንም ሳያውቅ ጥርስዎ ይቃናል" ይላል ማስታወቂያው። የማረከኝ ይኸው "ማንም ሳያውቅ" የሚለው ነው። ድሬዳዋ ላይ ማንም ሳያውቅ የሚሆን ነገር እንደሌለ ረስቼ! ሙቀቱ በር አያስዘጋም። በሩ በማይዘጋ ከተማ ምሥጢር ማለት ከሱቅ እንደገዙት በረዶ ነው፤ ቤት ሳይደርስ ያልቃል።

ከሥራ ወጥቼ በባጃጅ ወደ ሰፈሬ ወደ ሳቢያን ስሄድ ለጥርስ ሐኪሙ ደወልኩ። ነፋሱ አላሰማ ስላለኝ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁት። መታሰሩ የማይቀር ከሆነ በድብቅ ይታሰርልኝ አልኩት። ችግር የለም፣ ማንም አያውቅም፤ ግን ከዓመት በላይ ነው አለኝ። ለምግብስ ይፈታል? ለምግብ ይፈታል፣ ወዲያው ይመለሳል። አደራህን መሥሪያ ቤቴ እንዳይሰማ አልኩና ዘጋሁ። ልብ በሉ፣ "ጥርስ" የሚለውን ቃል አንዳችንም አላነሳንም። ከጥርስ ሐኪም ጋር ሲያወሩ ስለ ሌላ ስለ ምን ይወራል?

የባጃጁ ሾፌር ሙክታር የሰፈራችን ልጅ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ቢሆንም በአማርኛ ሲቀልድ የሚያህለው የለም። ያን ቀን ግን አልቀለደም። ስወርድ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ "ተወው አቦ፣ አላህ ያውጣህ።" ከምን እንደሚያወጣኝ ሳልጠይቅ አሜን ብዬ ገባሁ።

የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ? አልነገርኳችሁም። የግምጃ ቤት ኃላፊ ሊታሰር ነው ከተባለ ደግሞ "በምን?" ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ የለም።

ገላዬን ታጥቤ፣ ሽርጤን አገልድሜ ብወጣ ግቢው በሰው ሞልቷል። ከፊት ያሉት አዴ ፈትያ ናቸው፤ በግድግዳ የምንጎራበት ሐረሪ እናት። የቤታቸውን ካርታ በላስቲክ ጠቅልለው በአንድ እጄ አስጨበጡኝ፤ በሌላው ብርድ ልብስ። ብርድ ልብስ በድሬ! ሲሚንቶው ይበርዳል፣ እስር ቤት ሌላ አገር ነው አሉኝ። ከኋላቸው ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ጋሽ ተፈራ፣ በዚያ ሙቀት ኮትና ከረባት አድርገው ቆመዋል። "ሞናሚ፣ ዳኛ ፊት በሸሚዝ አይቀረብም" አሉ፤ ወዳጄ ማለታቸው ነው፤ ከፈረንሳዮቹ ጋር ከሠሩበት ዘመን የተረፈቻቸው ቃል ናት።

ምን ሆኛለሁ ብዬ ጮህኩ። አዴ ፈትያ እጃቸውን አወናጨፉ። "ሰረቅክ፣ አልሰረቅክ፣ ወላሂ አልጠየቅንህም! የኛው ነህ። ዋስህ እኔ ነኝ፣ አለቀ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጣ። ሰው አጠፋ ሲባል ማን ያጋልጠው ሳይሆን ማን ይፈርምለት ብሎ የሚሰበሰብ ሰፈር ውስጥ እየኖርኩ፣ ከዚህ ሰፈር ነው አንዲት ጥርስ ልደብቅ የምዳክረው! እንደዚያ ቀን ሰው አድንቄ አላውቅም።

ሙክታር ብቅ ብሎ መሰከረ፤ "በድብቅ ይታሰርልኝ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ለምግብ ብቻ ነው የሚፈታው።"

ያኔ ገባኝ። "ጥርሴ ነው!" አልኩ፤ "የሚታሰረው ጥርሴ ነው!"

ጋሽ ተፈራ ከረባታቸውን እያስተካከሉ፣ "ጥርስህ ደግሞ ምን አጠፋ?" አሉኝ።

ሳቁ ሲመጣ አፌን ልሸፍን ብል በአንድ እጄ ካርታ፣ በሌላው ብርድ ልብስ። የሰው ቤት እንዴት መሬት ይጣላል? ክራንቻዬን እንዳሰጣሁ ሳቅኩ፣ ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሜሮን ስልኳን አውጥታ ቀጭ አደረገችን።

አዴ ፈትያ ቀረብ ብለው አፌ ውስጥ አዩ። "ይቺን ነው ልታሳስር? ምስኪን! ተጠግታ ኖረች እንጂ ማንን ነካች? ድሬ ላይ ተጠጋግቶ የማይኖር ማን አለ?" ደግሞም ካርታ ይዘው ወጥተው በከንቱ እንደማይመለሱ፣ ለእሷም ዋስ መሆናቸውን አስታወቁ።

ፎቶው አሁን ከሰርጋችን ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። እንግዳ አንዱን አይቶ፣ ሌላውን አይቶ "ፈታሃት እንዴ?" ይላል።

በቀደም በባጃጅ ስሄድ ሐኪሙ ደውሎ መቼ እንደምመጣ ጠየቀኝ። እያሰብኩበት ነው፤ ለጊዜው ግን በዋስ ተለቋል አልኩት። የተሳፈርኩበት ባጃጅ የሙክታር አልነበረም፤ ሾፌሩን አይቼው አላውቅም። ስወርድ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ "እንኳን አላህ አወጣህ አቦ!"

አፌን ሳልሸፍን ስቄ አሜን አልኩት።