በሕግ የተሰደደው ወፍጮ

አሰላ በ፲፱፻፶ዎቹ መጀመሪያ ከሥልጣኔ ጣሪያ መድረሷን የሚጠራጠር ቢኖር፣ መጤ የሚያጣራ ኮሚቴ የነበራት ከተማ መሆኗን ሰምቶ ይፈር። ኮሚቴው የተወለደው ከአንዲት እናት ሥጋት ነው።

ወይዘሮ አልጣሽ ክፉውን ቀድሞ ማየት የተሰጣቸው ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። አንድያ ልጃቸው ፍሰሐ ስድስተኛ ክፍል ጨርሶ በቆጂ ማስተማር ቢያገኝ ብርዱ ይገድለዋል፣ የመኪና ረዳትነት ቢያገኝ መኪናው ይገለበጣል እያሉ አስቀሩት። ልጁ ሁለት ዓመት ቤት ሲውል ግን ጥፋተኛውን ደረሱበት። ከደጃፋቸው ሃምሳ እርምጃ በማይርቀው ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራው፣ ከአቦምሳ የመጣው ከዲሮ ነው። ፍሰሐ ወፍጮ ቤቱን ረግጦት እንደማያውቅ ጎረቤት ቢያስታውሳቸው፣ ቦታው ተይዞበት የት ይርገጥ ብለው መለሱ።

አቤቱታቸውን የተቀበሉት የከተማዋ ሹም ባላምባራስ ሀብተ ማርያም ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢነቱንም ብዙ ሳያንገራግሩ ከራሳቸው ተቀበሉ። ሕጉ ቀላል ነበር። መጤ ባገሩ ተቀምጦ ያመለክታል፤ በአሰላ ሦስት ዓመት አብረውት የኖሩ ሦስት ዋሶችም ይጠራል። በአሰላ ሦስት ዓመት ኖሮ ከተገኘ ደግሞ ያለ ፈቃድ ኖሯልና ይባረራል።

የወፍጮው ባለቤት ሀሰኖ በስብሰባው ላይ ተነሣ።

“ባላምባራስ፣ አይቆጡኝና፣ አያትዎ ከመንዝ ሲመጡ ዋሳቸው ማን ነበር?”

“ዋስ ምን ያደርግላቸዋል? ጠመንጃ ይዘው ነበር።”

የኮሚቴው ጸሐፊ ይህን አያትየው በሕግ ለመግባታቸው ማስረጃ አድርጎ መዘገበው።

ከዲሮ ባገሩ ሆኖ አመልክቶ በሕግ እንዲመለስ በክብር ተባረረ፤ ፍሰሐም በቦታው ገባ። እናቱ ሞተሩ እጁን እንዳይቆርጠው ስለት ተሳሉ። ስለታቸውም ሰመረ፤ ልጁ ሞተሩን አስነሥቶ ውጭ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበርና። ችግሩ ድንጋዩ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ በመሮ ካልተወቀረ እህል አያደቅም፤ መውቀር ደግሞ እስከ ስድስተኛ ክፍል አይሰጥም። በስተመጨረሻ እንደምንም ወቀረው፤ ስብርባሪውን ሳይጠርግም ገብስ ፈጨበት። በሳምንቱ ባላምባራስ ከዚያው የገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ ጭኮ ሲበሉ የመንጋጋ ጥርሳቸው ተሰበረ። ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ፣ ጥርሱን የሰበረው መጤ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ገበያተኛ የሸሸው ሀሰኖ ወፍጮውን ነቅሎ በጭነት መኪና ወደ ትንሿ ከተማ ወደ ዲክሲስ ወሰደው፤ ከዲሮንም ከአቦምሳ አስጠራው። ዲክሲስ ኮሚቴ እስከማቋቋም ገና አልሠለጠነችምና ሁለቱንም ዝም ብላ ተቀበለች። አሰላ ግን ጸዳች፤ መጤም ዱቄትም አልቀረባት።

ወይዘሮ አልጣሽ የሚፈሩትን ሁሉ ቢመዝኑ ረሃብ ስለበለጠባቸው፣ ልጃቸውን አስከትለው፣ በየጥሻው ጅብ እየታያቸው ዲክሲስ ደረሱ። ከዲሮ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ወጣ። ይሰድበኛል ብለው ሲጠብቁ ወንበር አቀረበላቸው።

“ረዳት እፈልጋለሁ፣ እማማ። መውቀሩንም አስተምረዋለሁ። ግን መጀመሪያ ኮሚቴው ዘንድ መቅረብ አለበት።”

“እዚህም ኮሚቴ አለ?”

“ባለፈው ወር ተቋቋመ። ወፍጮ ከገባ ወዲህ ሠልጥነናል።”

የኮሚቴው ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ፣ ፍሰሐን ከራሱ እስከ ጫማው ቃኘው። እንደ አሰላ ያለውን ከተማ ትቶ ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቀው። ልጁ አፉን ሳይከፍት እናቱ ቀደሙት።

“ሥራ ፍለጋ ነዋ፣ ልጄ። ሌላ ምን ያመጣዋል?”

ጸሐፊው ቀና ሳይል ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

“መጤ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፣ እማማ።”