ለጉማሬው የተላኩ ሽማግሌዎች

ኋላ እንዳንጣላ አንድ ነገር ላስቀድም። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዳንዱ ቦታውን ሊስት ይችላል። ዘመኑ ደርግ እንደነበር አልጠራጠርም፤ የትኛው ዓመት እንደሆነ ግን አታስምሉኝ። አያ ቢያድግልኝ በዚያ ጠዋት የለበሱት ጋቢ ይሁን ቡልኮ፣ እሱንም እንጃ። የቀረውን እመኑኝ።

ሰው ተረት የሚወድደው እንደ እናቱ ወጥ ነው፤ ሌላ እጅ ከገባበት ተበላሸ ይላል። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፣ አትደብቁኝ። በልጅነታችሁ የሰማችሁትን አንድ ደራሲ ትንሽ ቢያዞረው፣ ጅቡን ደግ፣ ጦጣዋን ሞኝ ቢያደርግባችሁ፣ መጽሐፉን ዘግታችሁ ትነሣላችሁ። ፍቅር ሲገባበት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሰውና ሰው ሲዋደድ ያማ የነበረ ሁሉ፣ ሰውና መንፈስ ተዋደዱ ሲባል ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል።

ይህን ያወቅሁት ወረታ ነው። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ካለፈ በኋላ ቀበሌያችን አንዲት ክፍል ለንባብ ሰጠ፤ ቁልፉንም ለእኔ። የተመረጥሁት በእውቀቴ እንዳይመስላችሁ። ቁልፍ እንዳይጠፋበት በክር አስሮ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ከእኔ በቀር ስላልተገኘ ነው። ክፍሏ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ ትጋራ ነበር። በገበያ ቀን ከፎገራ ሜዳ እህል ጭኖ የመጣ ገበሬ ወረፋው እስኪደርስ እኔ ዘንድ ጎራ ይልና "እስቲ አንብብልን" ይለኛል። ፊደሉን እሱም ቆጥሯል፤ ግን ሲነበብለት ይበልጥ ይጥመዋል።

ከመጻሕፍቱ መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ነበር። ታሪኩን የሜዳው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከጣና የሚወጣ ጉማሬ መልከ መልካም ጎበዝ መስሎ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ያታልላል፤ ልጅቷም እዚያው ውሃ ውስጥ ትቀራለች። እናቶቻችን ልጃገረድ ሲመሽ ወንዝ እንዳትወርድ የሚያስፈራሩበት ነበር። ይኸኛው ደራሲ ግን ነገሩን ገለበጠው። ጉማሬው ልጅቷን ከልቡ ወደዳት። ቀን ቀን ሰው እየሆነ ያርሳል፣ ሌሊት ጉማሬ ሆኖ ደጇን ይጠብቃል።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም።

"እንዲህ አልነበረም" አሉ አያ ቢያድግልኝ። ከብታቸው የበዛ፣ በየጠቡ ለሽምግልና የሚጠሩ የሜዳው ገበሬ ናቸው። "እናቴ ስትነግረኝ ውጧት ነው የሚያልቀው።"

"ጉማሬ ሣር እንጂ ሰው መች ይውጣል?" አለች ዘይነባ። ዘይነባ ሱቋ ከፊት ለፊታችን የሆነ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ገበያው ሲቀዘቅዝባት ትመጣለች።

"ሣር ብቻ? አምና ሽንብራዬን ማን በላው? ይኸው ያንቺ ሙሽራ ነዋ።"

"ጠግቦ የሚያድር ባል ምን ይወጣለታል፣ አያ?"

አንዱ ደግሞ ከጥግ ሆኖ፣ ልጅ ቢወልዱ ክርስትና ይነሣል ወይ ብሎ ጠየቀ። አባ ገብሬ፣ የደብራችን ቄስ፣ ጥቂት አሰቡና "መቼም ውሃ አይፈራም" አሉ።

የእኔ አንድ ዓይን መንገዱ ላይ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ "በመንግሥት ክፍል አድኃሪ ተረት" ይለኝ ይሆን እያልሁ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። የፈራሁት ደርሶ አንድ ቀን ገባ። ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ጉማሬው ጭቁን ነው፤ ቀጥል" አለኝ።

ከአድማጮቹ አንድ የማይቀመጥ ነበር፤ የወፍጮውን ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ኃይሉ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ወላጅም ወንድምም የሌለው፣ ዱቄት ሲለብስ ራሱ ከመንፈስ የማይለይ ጎልማሳ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ንባብ አይሰማም፤ ስለዚህ እኔ መጽሐፉን ስገልጥ እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ክፍሏ በር ላይ ይቆማል። ወረፋ የያዘው ሁሉ ማጉረምረም ነበረበት። ግን ወረፋ የያዘው ሁሉ እኔ ዘንድ ነው።

ኃይሉ የአያ ቢያድግልኝን ልጅ ደብሪቱን ይወድዳል፤ እሷም ትወድደዋለች። የእሷ ዱቄት ከማንም ዱቄት ይልቅ የላመ ነበር። ይህን ከአባቷ በቀር ወረታ ሁሉ ያውቃል። መከራው ሽማግሌ ነው። በእኛ አገር ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ፣ ሽማግሌውን የሚልከው ዘመድ። ዘመድ የሌለው ማንን ይላክ? በዚያ ላይ ከፋሲካ በኋላ ከአንበሳሜ አንድ ባለጸጋ ለልጁ ሊጠይቃት ነው ተባለ። ኃይሉ ከሰውነት ተራ ወጣ፤ የሌላውም ሰው ዱቄት እየሻከረ ሄደ።

እንዲህ እንዳለን መጽሐፉ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ጉማሬው ልጅቷን ሊጠይቅ አባቷ ደጅ ቆሟል። ገጹን ገለበጥሁ። የለም። ሽፋኑን የገነጠለ እጅ መጨረሻውንም ወስዶታል። ሰው ሁሉ አፈጠጠብኝ፤ እኔ ለበርበሬ መጠቅለያ የሸጥሁት ይመስል።

"ታዲያ አያ ቢያድግልኝ ይፍረዱና እንጨርሰው" አለች ዘይነባ። ያን ጊዜ እንዲያው የመጣላት መስሎኝ ነበር።

አያ ቢያድግልኝ ፍረዱ ሲባሉ ተመቻችተው ይቀመጣሉ። "ሰው ነው እንዳንል ሌሊት ጉማሬ ነው። ጉማሬ ነው እንዳንል ቀን ያርሳል። እኔ የማየው ሥራውን ነው። ደጇን ጠብቋል፣ አላስነወራትም። ሽማግሌ ይላክና ይሰጠው።"

"ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ የለውማ" አለች ዘይነባ፣ ወደ በሩ ሳታይ።

"እኛ ምን ሠራን? ታሪኩን የሰማን ሁሉ ዘመድ እንሆነዋለን።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ኃይሉ ብቻ አላጨበጨበም። ሄዶ ሞተሩን አስነሣ።

በማግስቱ ቁልፌን ሳወጣ አጠገቤ ቆሞ አገኘሁት። "ጋሼ፣ ዘመድ እንሆነዋለን ሲባል እርስዎም አጨብጭበዋል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አጨብጭቤአለሁ።

እሑድ ጠዋት አባ ገብሬ፣ የዘይነባ ባልና እኔ ከአያ ቢያድግልኝ በረት ደጃፍ ቆምን። ግቡና ተቀመጡ ቢሉን፣ እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አልን።

"ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው" አሉ አባ ገብሬ።

"ልጃችሁ ማነው?"

አባ ወደ እኔ ዞሩ። ለምን ወደ እኔ እንደዞሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የኃይሉን ስም ልጠራ ስል አፌ ቀደመኝና "ጉማሬው" አልሁ።

ላሞቹ እንኳ ማመንዠካቸውን ያቆሙ መሰለኝ። አያ ቢያድግልኝ ሦስታችንንም በየተራ አዩን፤ ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው።

"ያ ዱቄቱ?"

"እሱው ነው" አሉ አባ።

"ዘሩ ማነው?"

"እርስዎ ባሉት መሠረት እኛ ነን።"

"እኔ የፈረድሁት ለጉማሬ ነው" አሉ አያ ቢያድግልኝ። "ለጉማሬ እሰጣለሁ ብያለሁ። ለወፍጮ ሰው አላልሁም።"

"ይኸኛው ሽንብራዎን ይፈጭልዎታል እንጂ አይበላብዎትም" አለ የዘይነባ ባል።

ያን ጊዜ ከቤት ውስጥ የደብሪቱ ድምፅ ተሰማ። "አባዬ፣ በሰው ፊት ፈርደዋል እኮ።"  ከኋላዋ እናቷ አፏን ይዛ ስትስቅ ይሰማኛል።

አያ ቢያድግልኝ የበረቱን መዝጊያ ይዘው ወደ እኛ ዞሩ። "ለአንበሳሜው ሰው ምን ልበለው?"

"ጉማሬ ቀደመህ ይበሉት" አሉ አባ ገብሬ።

ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። "እንግዲያ ተቀመጡ" አሉን። ተቀመጥን። አንድ ነገር ብቻ አስማሉን፤ አማቹ የእሳቸውን እህል ወረፋ እንዳያስይዝ። ሠርጉ ላይ ዘይነባ ለሙሽራው ነጭ ልብስ ሰጠችው፤ ዱቄት የማይለይበት ብላ።

ኋላ ኃይሉ ሌላ ወፍጮ ሊተክል ሚስቱን ይዞ ራቅ ወዳለ አገር ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከመንገዱ መገንጠያ ላይ ሻይ ስጠጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በወፍጯቸው እንዳለፈ አጫወተኝ። ደብሪቱ ለልጆቿ የጉማሬውን ተረት ትነግራቸዋለች አለኝ። በእሷ ተረት ጉማሬው ሽማግሌ ይልካል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ሰው አይደለም። አንገቱ ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለ፣ ተናገር ሲሉት ራሱን ወደ ድንጋዩ የሚያስገባ ኤሊ ነው። ልጆቹ እሱ ጋ ሲደርሱ በሳቅ ይፈርሳሉ አለ።

"እንዲህ አልነበረም" አልሁት።

ሾፌሩ ሻዩን ጨልጦ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም።