የልብ አንባቢዋ የሙከራ ጊዜ

በወላይታ ሶዶ የሚገኝ፣ ስሙን ብንጠራው ክብሩ የሚቀንስበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሠራተኞቹን የውስጥ ሰላም በሳይንሳዊ መንገድ ለማረጋገጥ በወሰነ ጊዜ ትዝታን የሥነ ልቦና ባለሙያ አድርጎ በሙከራ ቀጠራት።

ትዝታ ሳይኮሎጂ ተምራ ከተመረቀች ጀምሮ በዴሳ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሥራ ፈት ተቀምጣ ነበር። አጎቷ በየእሁዱ «ሐኪም ነሽ ወይስ አስተማሪ?» ይሏታል፤ ሁለቱም አይደለሁም ስትላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። ስለዚህ ቋሚ ሠራተኛ ሳትሆን ወደ በዴሳ ላትመለስ ቆርጣለች።

ኃላፊው አቶ መክብብ በአቀባበሉ ላይ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። የአእምሮ ጤና የልማታችን ምሰሶ መሆኑን፣ ምሰሶ የሌለው ልማት ደግሞ አቅጣጫ እንደማይዝ ገለጹ። ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ የምክር ክፍሏን ደጃፍ የረገጠ የለም። እዚያ የገባ ሰው አብዷል ይባላላ። ኮሪደር ላይ ያገኛት ሁሉ ዓይኑን ይሰብራል፤ ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው ልብ ያነባል ተብሎ ተወርቷል።

ትዝታ ልብ እንደማታነብ ለሁሉም ስታስረዳ ከረመች። ለአቶ መክብብም አስረዳች።

«ትሕትናሽን ወድጄልሻለሁ» አሏት። «በሚቀጥለው ግምገማ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ምንም አትናገሪ፤ ሠራተኛውን ብቻ እዪልኝ። የቋሚነትሽን ነገር ከዚያ እናየዋለን።»

ቋሚነት የምትለዋ ቃል አፏን አስያዘቻት።

ግምገማ እንግዲህ ሰው የራሱን ጉድለት፣ ብዙውን ጊዜ ግን የጎረቤቱን ጉድለት የሚያወጣበት ክቡር ስብሰባ ነው። ትዝታ ተቀመጠች፤ አየች። ገንዘብ ያዥዋ አስካለች ላብ በላብ ሆና ተነሳችና፣ የልቅሶ ፈቃድ የወሰደችባቸው አክስቷ በሕይወት እንዳሉ፣ እንዲያውም ትናንት አብረው እራት እንደበሉ ተናዘዘች። ከኋላዋ አንዱ ተነስቶ፣ መስክ ወጣሁ ባለበት ቀን ቁርጥ ቤት ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ሲታገል መዋሉን አመነ። አቶ መክብብ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ሳይንስ ሥራውን እየሠራ ነው አሉ።

ከዚያ ሾፌሩ ጌታሁን ተነሳ።

«እህቴ፣ አንቺ ከምትናገሪ እኔው ልናገር» አላት። «የመሥሪያ ቤታችን የመስክ መኪና ወደ በዴሳ የሄደችው ለሥራ አይደለም። የኃላፊያችንን በሬዎች ከገበያ ልታመጣ ነው።»

አቶ መክብብ ማይክሮፎኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ሳይኮሎጂ ልብ እንደማያነብ፣ ይህንንም ባለሙያዋ ራሷ ደጋግማ እንዳስረዳች፣ ስለሆነም እስካሁን የተባለው ሁሉ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው፣ የባለሙያዋ የሥራ መደብም እንደሚታጠፍ አስታወቁ። በዚያ መሥሪያ ቤት ትዝታን ያመናት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሆኑ። እሷ ግን ወደ በዴሳ የሚመልሳት ሚኒባስ ታያት።

ስብሰባው ሲበተን ቢሮ አስጠሯት። በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እውነት ግን አታነቢም፣ አይደል?»

ትዝታ እንደ ልማዷ ልታስረዳ ጀምራ ተወችው። ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«ልናገር?»

«ኧረ አያስፈልግም» አሉ ቶሎ ብለው።

በማግስቱ፣ የሙያው አስፈላጊነት በተግባር ስለተረጋገጠ፣ ትዝታ በቋሚነት እንድትቀጠር ተወሰነ። ቢሮዋም ከኃላፊው ቢሮ ራቅ ብሎ፣ መቀመጫዋ ፊቱን ወደ ዳሞታ ተራራ አዙሮ እንዲሆን ታዘዘ፤ ተራራው የሚደብቀው ነገር የለውምና።